«ማን ኦን!» ሲሉህ «ማን?» እንዳትል
የኳስ ሜዳ እንግሊዝኛ ግራና ቀኝ - ከኩታበር እስከ ዌምብሌይ

አንድ ልጅ እናስብ። ዕድሜው 17፣ ሀገሩ ኩታበር። በትምህርት ቤቱ ሜዳ «እሱን የሚያቆመው የለም» የተባለለት፣ በግራ እግሩ ኳስ የሚያናግር። ለሙከራ ወደ ደሴ ይመጣል፤ ዕድሉ ከቀናውም አዲስ አበባ ይደርሳል። ጨዋታው ተጀመረ። ልጁ መሃል ሜዳ ላይ ጀርባውን ለተጋጣሚ ግብ ሰጥቶ ኳስ ሲቀበል ከቡድኑ አንዱ «ማን ኦን!» ብሎ ይጮሃል። በአማርኛ ጆሮው የሰማው ግን «ማን» የምትለዋን ነው። ማን? እኔን ነው? ለማን ልስጥ? ይህን ሲያሰላስል ከኋላው የመጣው ተጫዋች ኳሷን ነጥቆት ሄደ። ዳር የቆመው አሰልጣኝ ወረቀቱ ላይ «ንቃት ይጎድለዋል» ብሎ ይጽፋል። አለቀ።

ልጁ ግን ንቃት አልጎደለውም። የጎደለው ሁለት ቃል ነው። «ማን ኦን» ማለት በኳስ ሜዳ እንግሊዝኛ «ሰው አለብህ» ማለት ነው። በአማርኛ «ሰው!» ብለውት ቢሆን ኳሷን በአንድ ንክኪ መልሶ ሰውየውን አየር ላይ ባስቀረው ነበር።

መቼም የስፖርት ቤተሰቡ «እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» ሊል ይችላል። አለው። የእኛ ሀገር ኳስ በሁለት ቋንቋ ነው የሚጫወተው። የሜዳው ጩኸት ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ከድሮ ጀምሮ የምንለው «ካልቾ» እንኳን ከጣሊያኖች የቀረ ቃል ነው። ኮርነር፣ ፋውል፣ ኦፍሳይድ፣ ክሮስ የማይል ተመልካች የለም። እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል። ችግሩ ያለው አቅጣጫን በሚናገሩት ላይ ነው። ወዴት ዙር፣ ወዴት ሩጥ፣ በየት በኩል ዝጋ የሚሉት ቃላት በመጽሐፍ ካሉት ጋር አንድ ሆነው ይሰማሉ እንጂ ትርጉማቸው ሌላ ነው።

የማን ቀኝ ነው?

እንግሊዝኛ በሀገራችን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። «ሌፍት» ግራ፣ «ራይት» ቀኝ፣ «አፕ» ላይ፣ «ዳውን» ታች እየተባለ በስዕል ይለመዳል። ይህንን የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ኳስ ሜዳ ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «የማን ቀኝ?» የሚለው ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። በእግር ኳስ ቀኝና ግራ የሚለካው ፊቱን ወደ ተጋጣሚ ግብ ባዞረ ቡድን ነው። «ራይት ባክ» የሚባለው ቡድኑ ወደፊት ሲያጠቃ በቀኝ በኩል የሚገኘው ተከላካይ ነው። እሱ ራሱ ዞሮ ወደ በረኛው ቢሮጥም፣ ቢወድቅም፣ ጀርባውን ቢሰጥም ያው ራይት ባክ ነው። ከዕረፍት በኋላ ቡድኖች ግብ ሲቀያየሩ ደግሞ ቀኙ ከሜዳው ጋር አይቀርም፤ ከቡድኑ ጋር ይሄዳል።

ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የሚነሳው ክርክር ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው። ካሜራው የተተከለው በአንድ ወገን ነው። ቡድናችን ከስክሪኑ ግራ ወደ ቀኝ እያጠቃ ከሆነ ቀኝ መስመሩ ከታች፣ ለካሜራው ቅርብ በሆነው ጠርዝ ነው። ከዕረፍት መልስ ወደ ሌላው አቅጣጫ ሲያጠቃ ያው ቀኝ መስመር ወደ ላይ፣ ከካሜራው ማዶ ይሄዳል። «በቀኝ ሲጫወት የነበረው ልጅ በግራ ገባ እንዴ?» የሚል ተመልካች ካጋጠማችሁ አትሳቁበት። ልጁ ቦታውን አልቀየረም፤ ሜዳው ነው የዞረው።

ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ነገሩ ይብሳል። መቺውና በረኛው ፊት ለፊት ናቸው። የመቺው ቀኝ የበረኛው ግራ ነው። ለዚህ ነው ጠንቃቃ የእንግሊዝ ዘጋቢዎች «ወደ ግራ መታው» ብለው የማይተዉት፤ «ወደ በረኛው ግራ» ብለው ይጨርሱታል። በአማርኛም «ወደ ግብ ጠባቂው ቀኝ» ብሎ መጨረስ ምንም አያስከፍልም።

ሽቅብና ቁልቁል

ኩታበርን፣ መካነ ሰላምን የመሰለ የደጋ ከተማ የሚያውቅ ሰው የሚቀጥለውን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። ደጋ ላይ አቅጣጫ የሚነገረው በመሬቱ ነው። ላይ ቤት፣ ታች ቤት፣ ማዶ፣ ወዲህ፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል። መሬቱ ስለማይንቀሳቀስ ላዩ ሁልጊዜ ላይ፣ ታቹ ሁልጊዜ ታች ነው። የሰፈር ኳስ ሜዳ ደግሞ ደጋ ላይ ስንዝር ታህል እንኳን ዘመም ማለቱ አይቀርም። «ወደ ላይ ምታው» ከተባለ ወደ ዳገቱ ነው፤ «በታች በኩል» ከተባለ በቁልቁለቱ ነው።

ይህ የገጠር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ስታዲየም የሚገባ ደጋፊም ያው ነው። «በካታንጋ በኩል አለፈው»፣ «በሚስማር ተራ ያለው ግብ ላይ አገባ» እያለ ነው የሚያወራው። ካታንጋ ከዕረፍት በፊትም ከዕረፍት በኋላም ካታንጋ ነው። ለሚያውቀው ሰው ከቀኝና ከግራ ይልቅ ይህ አነጋገር ግልጽ ነው። ችግሩ ካታንጋን ለማያውቅ ሰው፣ ወይም ሌላ ሜዳ ላይ ለሚጫወት ተጫዋች አይሠራም።

የኳስ እንግሊዝኛ «አፕ» እና «ዳውን» ከዳገትም ከቁልቁለትም ጋር ዝምድና የላቸውም። «ፑሽ አፕ» ሲባል የተከላካይ መስመሩ ወደ ተጋጣሚ ግብ ይጠጋ ማለት ነው። ኳስን ወደ ሰማይ ላክ ማለት አይደለም። «ዳውን ዘ ላይን» ደግሞ መስመሩን ይዘህ ወደ ፊት ላከው ማለት ነው። ልብ በሉ፤ አንዱ «ላይ» ነው፣ ሌላው «ታች» ነው፣ ሁለቱም ግን ወደ ፊት ነው የሚሄዱት! ቃል በቃል የተረጎመ ልጅ «ዳውን» ሲባል ወደ ራሱ በረኛ ቢመልሰው ማን ይፈርድበታል? ወደ ኋላ ለማፈግፈግ የሚጮኸው «ድሮፕ» ነው። እሱም ቢሆን «ጣለው» ተብሎ ከተተረጎመ ሌላ ጣጣ ነው።

ባክ ለምን ባክ ተባለ?

እስቲ ሌላ ጥያቄ እናንሳ። ፉል ባክ ማለት ሲተረጎም «ሙሉ ኋላ» ነው። የዛሬ ፉል ባኮች ግን መስመሩን ይዘው ሲመላለሱ ከአጥቂ በላይ ወደፊት የሚገኙበት ጊዜ አለ። የእኛ ጋዜጠኞች «የመስመር ተመላላሽ» ያሏቸው ለዚህ ነው፤ ከእንግሊዝኛው ስም የእኛው ይገልጻቸዋል። ታዲያ «ሙሉ ኋላ» የሚለው ከየት መጣ?

መልሱ 2-3-5 ከሚባለው አሮጌ አሰላለፍ ውስጥ ነው። ከበረኛው ፊት ሁለት ተጫዋቾች ብቻ ይቆሙ ነበር፤ ፉል ባክ የተባሉት እነሱ ናቸው፣ የመጨረሻ ኋላ ስለነበሩ። ከእነሱ ፊት ሦስት «ሃፍ ባክ»፣ ማለትም ግማሽ ኋላዎች አሉ። መሃል ያለው «ሴንተር ሃፍ» ይባላል። ከፊት አምስት አጥቂዎች ይሰለፋሉ። ዳር ያሉት «አውትሳይድ ራይት» እና «አውትሳይድ ሌፍት»፣ ወደ መሃል የገቡት «ኢንሳይድ ራይት» እና «ኢንሳይድ ሌፍት»፣ መሃል ላይ ደግሞ «ሴንተር ፎርዋርድ»።

እ.ኤ.አ በ1925 የኦፍሳይድ ሕግ ተቀየረ። ከዚያ በፊት በአጥቂውና በግቡ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች እንዲኖሩ ይጠየቅ የነበረው ወደ ሁለት ወረደ። ጎል በዛ። በዚያው ዓመት አርሰናልን የያዘው ኸርበርት ቻፕማን ሴንተር ሃፉን ወደ ኋላ ስቦ ከሁለቱ ባኮች መሃል አቆመው። ሁለቱ ፉል ባኮች ቦታ ሲጠባቸው ወደ ዳር ተገፉ። ሰዎቹ ሄዱ፣ ስማቸው ግን አብሯቸው ሄደ። እንግሊዞች የመሃል ተከላካይን እስከ ዛሬ «ሴንተር ሃፍ» የሚሉትም በዚሁ የተነሳ ነው። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ «ሴንተር ሃፍ» ሲል አማካይ መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ፤ በእኛ አጠራር ስቶፐሩን ነው።

የማሊያ ቁጥሩም ከዚያው ነው የመጣው። የእንግሊዝ ሊግ እ.ኤ.አ በ1939 ቁጥር ግዴታ ሲያደርግ 2 ቀኝ ባክ፣ 3 ግራ ባክ፣ 5 ሴንተር ሃፍ፣ 7 የቀኝ ክንፍ፣ 9 ሴንተር ፎርዋርድ፣ 11 የግራ ክንፍ ሆነ። ቁጥሩ አድራሻ ነበር ማለት ነው።

አድራሻ ብቻ የሚያምን ግን ይታለላል። እ.ኤ.አ ኅዳር 25 ቀን 1953 ሀንጋሪ ዌምብሌይ ገብታ እንግሊዝን 6 ለ 3 አፈረሰቻት። እንግሊዝ እስከዚያ ቀን ድረስ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ውጪ በመጣ ቡድን በሜዳዋ ተሸንፋ አታውቅም። 9 ቁጥሩን የለበሰው ናንዶር ሂደግኩቲ እንደ ሴንተር ፎርዋርድ ከፊት አልቆመም፤ ወደ ኋላ እየተመለሰ ከአማካዮች ጋር ይጫወት ነበር። የእንግሊዙ ሴንተር ሃፍ ሃሪ ጆንስተን ልከተለው ወይስ ቦታዬን ልጠብቅ ሲል መሃል ሰፋሪ ሆኖ ቀረ። ሂደግኩቲ ሦስት ጎል አገባ። ያኔ እንግሊዞቹ የተቸገሩት በገዛ ቋንቋቸው ነው!

ትንሿ መዝገበ ቃላት

እንግዲህ ለተጫዋችም ለተመልካችም የሚጠቅሙትን እናስቀምጥ።

ኢንሳይድና አውትሳይድ፦ ከሜዳ ውስጥና ከሜዳ ውጪ ማለት አይደለም። ኢንሳይድ ወደ ሜዳው መሃል፣ አውትሳይድ ወደ መስመሩ ዳር ነው። አሰልጣኙ ለተከላካዩ «ሾው ሂም አውትሳይድ» ካለው አጥቂውን ወደ ዳር ግፋው ነው ያለው። ኳሷን ወደ ውጪ አውጣት አላለም።

ጎል ሳይድ፦ ለተከላካይ ከሁሉም የሚበልጠው ቃል ይኼ ነው። ከምትይዘው ሰውና ከራስህ ግብ መካከል ቁም ማለት ነው። ኮርነር ሲመታ «ጎል ሳይድ!» ሲባል የተጋጣሚን ግብ የሚያይ ልጅ ካለ ጎል ተቆጠረ በሉ።

ኒር ፖስትና ፋር ፖስት፦ የቅርቡ ቋሚና የሩቁ ቋሚ። ቅርብና ሩቅ የሚባለው ኳሷ ካለችበት ነው። ኮርነር ከግራ ሲመታ ኒር ፖስት የነበረው ከቀኝ ሲመታ ፋር ፖስት ይሆናል።

ስኩዌር፦ ኳሷን አግድም፣ ወደ ጎን ስጥ። ስዊች ደግሞ ጨዋታውን ወደ ሌላኛው መስመር አሻግረህ ቀይር።

ካት ኢንሳይድና ካት ባክ፦ ሁለቱም «ካት» ናቸው፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። አርየን ሮበን በባየርን ሙኒክ ከቀኝ መስመር ተነስቶ ወደ መሃል እየቆረጠ በግራ እግሩ ሲመታ የነበረው ካት ኢንሳይድ ነው። ካት ባክ የሚባለው ግን የግቡ መስመር ድረስ ደርሶ ኳሷን ወደ ኋላ፣ ከኋላ ለሚመጣ አጥቂ መመለስ ነው።

ኦቨርላፕና አንደርላፕ፦ ከኋላ የመጣው ተጫዋች ኳስ የያዘውን ጓደኛውን በዳር በኩል ካለፈው ኦቨርላፕ፣ በመሃል በኩል ካለፈው አንደርላፕ።

ኢንስዊንገርና አውትስዊንገር፦ ወደ ግብ የሚታጠፍ ኮርነርና ከግብ የሚሸሽ ኮርነር። ከቀኝ ጠርዝ ግራ እግረኛ ሲመታው ወደ ግብ ይታጠፋል፤ ቀኝ እግረኛ ሲመታው ይሸሻል።

ታይም፦ «ሰዓት አለቀ» አይደለም። «ጊዜ አለህ፣ አትቸኩል፣ ሰው የለብህም» ነው። ተርን ደግሞ «ዙር፣ ነጻ ነህ»።

ብላይንድ ሳይድ፦ ተከላካዩ የማያየው ወገን፣ ከጀርባው በኩል። አጥቂ በዚያ በኩል ሲሮጥ ያለ ዕውቅናው ገባበት እንላለን።

ሁለቱን የድሮ ቃላት ደግሞ አንርሳ። «ኦፍሳይድ» ከቡድንህ ወገን ወጥተሃል እንደማለት ነው። እኛ ስንከራከር «ሚናህን ለይ» እንደምንለው። የጎን መስመሩ «ተች ላይን» የተባለውም «መንካት» ከሚለው ነው። እ.ኤ.አ በ1863 የወጣው የመጀመሪያው የእንግሊዝ ማኅበር ሕግ ኳሷ ከወጣች በኋላ ቀድሞ የነካት ተጫዋች እንዲወረውራት ያዝዝ ነበር፤ የየትኛው ቡድን ይሁን ለውጥ የለውም። መስመሩ ላይ ምን ያህል ግፊያ እንደነበር መገመት ነው።

ለማን ይጠቅማል?

«በአማርኛ ብንጫወትስ?» የሚል ካለ ትክክል ነው፤ ይቻላል። እንዲያውም አንዳንዱ የእኛ ቃል ከእነሱ ይበልጣል። «ሰንጣቂ ኳስ» የሚለውን ከ«ስሩ ቦል» ጋር አወዳድሩት፤ የእኛው ተከላካዩ ሲሰነጠቅ ያሳያል። ለዚህ የሬዲዮ ዘጋቢዎቻችን ባለውለታ ናቸው። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ሜዳውን ስለማያይ ዘጋቢው አቅጣጫውን በቃል መሳል አለበት። ቢቢሲ እ.ኤ.አ በ1927 የመጀመሪያውን የእግር ኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ሲያስተላልፍ ሜዳውን በ8 ካሬ ከፍሎ በመጽሔት አሳትሞ ለአድማጭ አደለ፤ አንድ ሰው ኳሷ ያለችበትን ካሬ ቁጥር ይጠራ ነበር። እነ ደምሴ ዳምጤ ግን ካሬ አልነበራቸውም። «በቀኝ መስመር፣ ከመሃል ሜዳው አለፍ ብሎ» እያሉ በድምፃቸው ብቻ ነው ሀገር ሙሉ ሰው ሜዳ ውስጥ ያስገቡት።

ይሁንና ኳስ ሥራ ሆኗል፤ ሥራው ደግሞ ድንበር ያሻግራል። ብሔራዊ ቡድናችን እ.ኤ.አ በ2010 ናይጄሪያዊ ደም ያለውን ስኮትላንዳዊ አሰልጣኝ ኢፊ ኦኑራን፣ በ2011 ቤልጅየማዊውን ቶም ሴንትፊትን፣ በ2014 ፖርቱጋላዊውን ማሪያኖ ባሬቶን ቀጥሯል። ቅዱስ ጊዮርጊስም በሰርቢያዊው ሚቾ ሠልጥኖ ዋንጫ አንስቷል። እነዚህ ሰዎች በአማርኛ ሊጮኹ አይችሉም። አስተርጓሚ ለስብሰባ ይሆናል፤ 60ኛው ደቂቃ ላይ ከመስመር ዳር ለሚጮኽ ትዕዛዝ ግን አይደርስም። ጌታነህ ከበደ እ.ኤ.አ በ2013 ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሲሄድ የገባው የአማርኛ ጩኸት ወደሌለበት ሜዳ ነው።

ዳኞቻችን ደግሞ ይህን ቀድመው የተረዱት ይመስላል። ባምላክ ተሰማ በ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበር። በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫም እ.ኤ.አ በ2022 የሴኔጋልና የቡርኪናፋሶን የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ መርቷል። ሊዲያ ታፈሰ በ2019 የፈረንሳይ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዋና ዳኞች ውስጥ ነበረች። የጨዋታው ሕግ መጽሐፍ በተለያየ ቋንቋ ቢታተምም ትርጉሙ ካከራከረ የሚጸናው የእንግሊዝኛው ነው። ሁለቱ ዳኞች ቋንቋውን ይዘው ባይሄዱ ኖሮ ፊሽካቸው ብቻውን እዚያ ባላደረሳቸው።

ወሎ ደግሞ ለኳስ ባዳ አይደለም። ወልዲያ ከተማ በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቷል፤ ከ2009 ዓ.ም ጀምሮም ከተማዋ ዘመናዊ ስታዲየም አላት። ከኩታበር፣ ከመካነ ሰላም፣ ከነዚህ ሁሉ ደጋዎች የሚነሳ ልጅ መንገዱ ከድሮው አጥሮለታል። መንገዱ ላይ በሃያ ቃል ምክንያት መቅረት ግን ያሳዝናል።

ምን ይደረግ?

ይህ ነገር በጀት አይፈልግም፣ ኮሚቴም አይፈልግም። የታዳጊ አሰልጣኞች አንድ ነገር ቢያደርጉ ይበቃል፦ ቃሉን በጠመኔ ሳይሆን በእግር ማስተማር። ልምምድ ሲጀመር የዕለቱን አንድ ቃል በአማርኛም በእንግሊዝኛም መጥራትና ልጆቹን እዚያው ማስሮጥ። ዛሬ «ጎል ሳይድ»፣ ነገ «ስኩዌር»፣ ከነገ ወዲያ «ማን ኦን»። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከላይ ያለው መዝገበ ቃላት ያልቃል። ዓመቱን ሙሉ የተሸመደደ ሰዋሰው የማያደርገውን እግር በሦስት ሳምንት ያደርገዋል።

ሁለተኛው፣ አንድ ቡድን በጨዋታ ላይ ለአንድ ነገር አንድ ቃል ይኑረው። አማርኛ ከሆነ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ ከሆነ እንግሊዝኛ። አንዱ «ሰው!» ሌላው «ማን ኦን!» ሦስተኛው «ከኋላህ!» እያለ ከጮኸ አድማጩ የሚሰማው ጫጫታ ነው። የተከላካይ መስመር አንዱ «ውጡ»ን፣ ሌላው «ድሮፕ»ን ሰምቶ ሲለያይ የሚቆጠረው ጎል በረኛው ላይ ይላከካል እንጂ ጥፋቱ የበረኛው አይደለም።

እኛ ተመልካቾችስ? የእኛ ቀላል ነው። የፊታችን ቅዳሜ ቴሌቪዥን ፊት ስትቀመጡ አስተያየት ከመስጠታችሁ በፊት ቡድናችሁ ወዴት እንደሚያጠቃ እዩ። ከዚያ ፊታችሁን በሐሳብ ወደዚያው አዙሩና ቀኝ እጃችሁን አንሱ። ቀኝ መስመሩ ያ ነው። ከዕረፍት መልስ ደግሞ እንደገና አንሱ። ጎረቤታችሁ «ምን ሆነህ ነው?» ካላችሁ ሜዳው ዞሯል በሉት።